ጠዋት ፍልስፍና፣ ሌሊት ግጥም፦ የሙሐመድ ኢቅባል ሕይወት



የዘንድሮው መጽሔት አዘጋጆች ጽሑፍ እንዳዋጣ ሲጠይቁኝ የፈለጉት ስለ ጤና ነበር። ነርስ ነኝና ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር በሽታ ብጽፍ የሚያስደንቅ አይደለም። እኔ ግን ይቅርታ ጠይቄ ስለ አንድ ባለቅኔ ልጽፍ ተነሣሁ። ሰውየው የአገራችን ልጅ አይደለም፤ ከሞተም ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሆኖም ታሪኩ ከእኛ ከውጭ አገር ነዋሪዎች ኑሮ፣ ከማኅበራችን ሥራ፣ በመጨረሻም ከራሷ ከኢትዮጵያ ጋር የሚገናኝበት ቦታ አለ። አንብባችሁ እንደማትቆጩ ተስፋ አደርጋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የምኖረው ጀርመን አገር፣ ሃይድልበርግ ከተማ ነው። በከተማዋ መካከል በሚያልፈው በኔካር ወንዝ ዳር «ኢቅባል ኡፈር» የሚባል መንገድ አለ። ኡፈር ማለት የወንዝ ዳርቻ ማለት ነው። ስሙን ለዓመታት እያየሁ ከሥራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሥራ ስመላለስ ኢቅባል ማን ይሆን ብዬ ጠይቄ አላውቅም ነበር። አንድ ቀን በሌሊት ፈረቃ ከፓኪስታን ከመጣ ሐኪም ጋር ሻይ እየጠጣን ጨዋታው ወደዚያ መንገድ ዞረ። ሐኪሙ ስለ ኢቅባል ሲነግረኝ ስለ ገዛ አባቱ የሚያወራ ይመስል ነበር። ፍልስፍና ያስተምር እንደነበር፣ ጠበቃም እንደነበር፣ ከሁሉ በላይ ግን ባለቅኔ እንደነበር ነገረኝ። እኛ የጎጃም ልጆች ደግሞ ቅኔ ሲባል ጆሯችን ይቆማል። ከዚያ ወዲህ ስለ እርሱ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ቆየሁ።

ሙሐመድ ኢቅባል የተወለደው ኅዳር መግቢያ ላይ፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 9 ቀን 1877፣ በእንግሊዝ ትገዛ በነበረችው ሕንድ፣ በፑንጃብ ግዛት ሲያልኮት በምትባል ከተማ ነው። ዛሬ ከተማዋ በፓኪስታን ውስጥ ናት። ቤተ ሰቡ ከካሽሚር የመጣ ነው። አባቱ ኑር ሙሐመድ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ የቀለም ትምህርት ያልገቡ፣ ነገር ግን በሃይማኖታቸው የጸኑና አስተዋይ ሰው ነበሩ ይባላል። እናቱ ኢማም ቢቢም እንዲሁ ፊደል ያልቆጠሩ፣ በጎረቤት ዘንድ ግን አስታራቂና ደግ ተብለው የሚታወቁ ሴት ነበሩ። ይህን ሳነብ የብዙዎቻችን ወላጆች ፊቴ ላይ መጡ።

ልጁን ያወጡት ሰው መምህሩ ሰይድ ሚር ሐሰን ናቸው። እኔ በልቤ የኔታ እላቸዋለሁ። ዐረብኛን፣ ፋርስኛንና ኡርዱን በቃል እያስያዙ፣ ግጥሙን እየፈቱ ያስተማሩት እሳቸው ነበሩ። ኢቅባል ይህን አልረሳም። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ1920ዎቹ መጀመሪያ፣ የእንግሊዝ መንግሥት የ«ሰር» ማዕረግ ሊሰጠው ሲል አስቀድሞ ለመምህሩ የሊቃውንት ፀሐይ የሚል ትርጉም ያለው የክብር ስም እንዲሰጣቸው ለመነ። ሽማግሌው ምን መጽሐፍ ጽፈዋል ተብሎ ሲጠየቅ፣ የእሳቸው መጽሐፍ እኔው ነኝ የሚል መልስ እንደሰጠ ይተረካል። ማዕረጉም ለሽማግሌው ተሰጠ። የኔታን ያልረሳ ሰው እኔ ዘንድ ትልቅ ቦታ አለው።

በ1895 ወደ ላሆር ሄዶ ገቨርንመንት ኮሌጅ ገባ። በ1899 በፍልስፍና የማስተርስ ዲግሪውን ያዘ። እዚያ ያገኘው እንግሊዛዊ መምህር ቶማስ አርኖልድ ይባላል፤ የምሥራቁን ዕውቀት የሚያከብር፣ ተማሪውንም እንደ ወዳጅ የሚያይ ሰው ነበር። ኢቅባል እንደ ተመረቀ መጀመሪያ በኦሪየንታል ኮሌጅ በዐረብኛ ክፍል፣ ቀጥሎም በተማረበት በገቨርንመንት ኮሌጅ ፍልስፍና አስተማሪ ሆነ። የመጀመሪያው መጽሐፉ ግን ግጥም እንዳይመስላችሁ፤ በኡርዱ ቋንቋ የተጻፈ የኢኮኖሚ ትምህርት መጽሐፍ ነበር። የሕዝቡ ድህነት ከወጣትነቱ ጀምሮ ያሳስበው ነበር ማለት ነው።

ግጥሙን የሚያነበው በሰው ፊት ነበር። በእነሱ አገር ባለቅኔዎች ተሰብስበው ግጥም የሚያሰሙበት ሙሻዒራ የሚባል ጉባኤ አለ። ኢቅባል ግጥሙን በዜማ ያዜመው ነበርና ድምፁን የሰማ ሁሉ ይመሰጥ ነበር ይባላል። ድምፁን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ማኅበራችንን ወደሚመለከተው ነገር ልምጣ። በላሆር ከ1884 ጀምሮ አንጁመን ሂማየተ ኢስላም የሚባል የበጎ አድራጎት ማኅበር ነበር። ትምህርት ቤት ይከፍታል፣ ወላጅ የሌላቸውን ልጆች ያሳድጋል፣ በየዓመቱም ትልቅ ስብሰባ ጠርቶ ገንዘብ ያሰባስባል። ሥራው ከእኛ ሥራ ጋር እንዴት እንደሚመሳሰል እዩ። በ1900 በተደረገው ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የሃያ ሁለት ዓመቱ ወጣት መምህር ተነሥቶ ስለ ወላጅ አልባ ልጅ ለቅሶ የጻፈውን ረጅም ግጥም አነበበ። አዳራሹ በእንባ ታጠበ፤ ሰው ኪሱን ፈታ። ከዚያ ወዲህ የኢቅባል ግጥም የዚያ ስብሰባ ባህል ሆነ። ዝና ያገኘው በመጽሐፍ ገበያ ሳይሆን ለሕፃናት ገንዘብ በሚሰበሰብበት መድረክ ላይ ነው።

በ1905 ወደ አውሮፓ ሄደ። የመንገዱንና የትምህርቱን ወጪ የቻለው ታላቅ ወንድሙ አታ ሙሐመድ ነበር፤ በጦር ሠራዊቱ የግንባታ ሥራ ላይ ተቀጥሮ ከሚያገኘው ደመወዝ እየቆጠበ። እዚህ ላይ ንባቤን አቁሜ መስኮት መስኮቱን አየሁ። እኔንም ወደ ጀርመን የላከኝ የታላቅ ወንድሜ ደመወዝ ነው። አንድ ሰው እንዲማር ሌላ ሰው ጫማውን ሳይቀይር ይከርማል። በመጽሔት ላይ የሚወጣው ግን የተማረው ሰው ፎቶግራፍ ነው።

ኢቅባል በአውሮፓ የቆየው ሦስት ዓመት ብቻ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ በካምብሪጅ ትሪኒቲ ኮሌጅ ፍልስፍና ተምሮ ተመረቀ፤ በለንደን ሊንከንስ ኢን ሕግ አጥንቶ በ1908 የጥብቅና ፈቃድ አገኘ፤ ከሙኒክ ዩኒቨርሲቲም ስለ ፋርስ ፍልስፍና እድገት በጻፈው ጥናት ዶክተር ተባለ። ጀርመንኛ ለመማር በ1907 የከረመው እዚሁ እኛ ከተማ ነው። የኖረበት ቤት ላይ ዛሬ የመታሰቢያ ጽሑፍ ተለጥፏል። ስለ ኔካር ወንዝ ምሽት የጻፈው አጭር ግጥምም አለው። እኔም የጀርመንኛ ግሥ ሲያቅተኝ በዚያው ወንዝ ዳር እየተመላለስኩ ስለማጠና፣ ያን ግጥም በትርጉም ሳነበው ብቻዬን እንዳልነበርኩ ተሰማኝ።

በዚህ ጊዜ ግን አንድ ከባድ ነገር ገጠመው። ግጥም መጻፍ ለማቆም ወሰነ። ምክንያቱ ስንፍና አልነበረም። ሕዝቡ ድሃና ተገዢ ሆኖ ሳለ ቃል መደርደር ጊዜ ማባከን ሆኖ ታየው፤ ያን ሰዓት ለሚጠቅም ሥራ ማዋል ይሻላል ብሎ አመነ። ወዳጁ አብዱል ቃዲር፣ በኋላ ለመጀመሪያው የኡርዱ የግጥም መድበሉ መቅድም የጻፈው ሰው፣ ተከራከረው። ሁለቱ መስማማት ሲያቅታቸው ነገሩን ለመምህሩ ለአርኖልድ ፍርድ ሰጡት። ያ ፈረንጅ መምህር ነገሩን ሰምቶ፣ ኢቅባል በግጥም ላይ የሚያጠፋው ጊዜ ለራሱም ለአገሩም የሚጠቅም ነው ብሎ ፈረደ። ኢቅባልም ፍርዱን ተቀበለ።

ይህን ክፍል ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ደብረ ማርቆስ ተማሪ ሳለሁ በወላጆች በዓል ግጥም የማነበው እኔ ነበርኩ። እዚህ ከመጣሁ በኋላ ፈተናው፣ ፈረቃው፣ ልጆቹ ሲደራረቡ ደብተሩን ዘጋሁት። ማንም አልከለከለኝም፤ ጥቅም የለውም ብዬ ነው። እኔ ግን ወደ ዳኛ አልወሰድኩትም፤ ራሴው ከስሼ ራሴው ፈረድኩ።

በ1908 ወደ ላሆር ሲመለስ ኑሮ ቀላል አልሆነለትም። ጥብቅና ጀመረ። የአሊጋር ኮሌጅ የፍልስፍና ወንበር ሲቀርብለት አልተቀበለም። በገቨርንመንት ኮሌጅ የፍልስፍና መምህሩ ሲሞት ግን ቦታውን በጊዜያዊነት እንዲሸፍን ተጠራ። ችግሩ ጠዋት ክፍል ካለ ፍርድ ቤት መቅረት ነው። መንግሥት ዳኞቹን አነጋገረ፤ የኢቅባል ጉዳዮች ከትምህርት ሰዓት በኋላ እንዲታዩ ተስማሙ። እንዲህ ሆኖ እስከ 1910 መጨረሻ ጠዋት ስለ ፍልስፍና ያስተምራል፣ ከዚያ በኋላ ጥቁር ካባውን ለብሶ ስለ መሬትና ስለ ውርስ ይከራከራል። ግጥሙ የሚመጣው ሌሊት ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ ያገለገለው አሊ ባኽሽ በኋላ እንደተናገረው፣ ኢቅባል በሌሊት ይነሣና ደብተርና እርሳስ ያስመጣ ነበር፤ ጽፎ ሲጨርስ ፊቱ እፎይ ያለ ሰው ፊት ይሆናል።

ኮሌጁ በቋሚነት ሊቀጥረው ሲፈልግ ግን ማስተማሩን ተወ። በመንግሥት ደመወዝ እየኖረ የልቡን መናገር እንደማይችል አስቦ ነው። ጥብቅናው ገቢው ያልተረጋገጠ ሥራ ነበር፤ ነፃነት ግን ነበረው። ለወሩ ወጪ የሚበቃውን ያህል ጉዳይ ከያዘ በኋላ ሌላ ባለ ጉዳይ አይቀበልም ነበር ይባላል። ከክፍል ቢወጣም ከማስተማር አልራቀም። ለዩኒቨርሲቲው ለብዙ ዓመት የፈተና ወረቀት ሲያርም ኖሯል። በ1920ዎቹ መጨረሻ በማድራስ፣ በሃይደራባድና በአሊጋር ያደረጋቸው የፍልስፍና ንግግሮችም ተሰብስበው በ1930 መጽሐፍ ሆነዋል። ሁለቱ ሥራዎቹ ተጣልተው አያውቁም ማለቴ አይደለም። ነገር ግን በክፍል ውስጥ ያስጨነቀው ጥያቄ በግጥሙ ውስጥ ይመለሳል፤ በግጥሙ የጀመረውን በንግግሩ ይፈታዋል።

የዚያ ጥያቄ ፍሬ በ1915 በፋርስኛ በታተመው የመጀመሪያው የግጥም መጽሐፉ ወጣ። ዋናው ሐሳብ ሰው ራሱን እንዳይንቅ፣ ሥራ በመሥራትና በመውደድ ማንነቱን እንዲያጠነክር ነው። በባዕድ እጅ ለወደቀ ሕዝብ ይህ ትልቅ መድኃኒት ነበር። ታላቁን የፋርስ ባለቅኔ ሐፊዝን ስለ ነቀፈበት ግን ብዙ ሰው ተቆጣ። ኢቅባል ሁለተኛው እትም ሲወጣ ያንን ክፍል አወጣው።

ወደ አንጁመን ስብሰባም ተመልሶ ነበር። በ1911 ስለ ሕዝቡ ውድቀት ለፈጣሪ አቤቱታ የሚያቀርብ ግጥም ሲያነብ ገሚሱ አለቀሰ፣ ገሚሱ ደፈረ ብሎ ተቆጣ። በ1913 የአቤቱታውን መልስ ጽፎ ከላሆር ሞቺ በር ውጭ በተሰበሰበ ሕዝብ ፊት አነበበ። የግጥሙ ቅጂ እዚያው ተሸጦ ገንዘቡ በባልካን ጦርነት ለተጎዱ ሰዎች መርጃ ዋለ።

ስለ ሰው ስንጽፍ በጎውን ብቻ ማውራት ልማዳችን ነው፤ እኔ ግን ጉድለቱንም ልናገር። ገና ተማሪ ሳለ በወላጆቹ ምርጫ ያገባት የመጀመሪያ ሚስቱ ከሪም ቢቢ ከእርሱ ጋር ደስታ አላየችም። በስተመጨረሻ ተለያይተው ኖሩ፤ ከእርሷ ከወለደው ልጁ ጋርም ፍቅራቸው ቀዘቀዘ። ስለ ሰው ማንነት እንደዚያ የጻፈ ሰው በገዛ ቤቱ ይህን መፍታት አልቻለም። የእርሷን ግጥም የጻፈላት የለም።

በኖቬምበር 1914 እናቱ ሲያልኮት ላይ አረፉ። ያንጊዜ የጻፈው ረጅም የሐዘን ግጥም በኡርዱ ከታወቁት አንዱ ነው። በውስጡ ከሁሉ በላይ የነካኝ፣ ከእንግዲህ ወዲያ ደብዳቤዬን የሚጠብቅ ማን አለ የሚለው ሐዘኑ ነው። ወገኖቼ፣ እናቴ ስታርፍ እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። የሌላ ሰው እናት እያገላበጥኩ ሳለ ስልኬ ጠራ። ለቀብሯም አልደረስኩም። እሑድ እሑድ ስልክ የሚጠብቅ ሰው እንደሌለ ለማመን ስንት ወር እንደፈጀብኝ የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

በጃንዋሪ 1934 ኢቅባል በዒድ ዕለት ጉንፋን ያዘው፤ ቀጥሎም ጉሮሮው ተዘጋ። ድምፁ ወደ ሹክሹክታ ወረደ፤ ዳግመኛም አልተመለሰም። ያ ሺህ ሰው ያስለቀሰ ድምፅ ጠፋ። ድምፅ የሌለው ጠበቃ ፍርድ ቤት ምን ይሠራል? ጥብቅናው ቆመ፤ ገቢውም አብሮ ቆመ። በሥራዬ ድምፃቸውን ያጡ ሰዎች አስታምሜያለሁ። ነቅተው መጀመሪያ የሚፈልጉት ውኃ ሳይሆን ወረቀትና እስክሪብቶ ነው። በሜይ 1935 ደግሞ ሚስቱ ሰርዳር ቤገም ሁለት ትናንሽ ልጆች ጥላ ሞተች። ጃቪድ የአሥር ዓመት ልጅ ነበር፤ ሙኒራ አምስት ዓመት አልሞላትም ነበር። የቦፓሉ ገዥ በወር 500 ሩፒ ድጋፍ ቆረጠለት፤ ለሕክምናም ወደ ቦፓል እየሄደ በአልትራቫዮሌት ጨረር ታከመ።

ለኢትዮጵያውያን ትልቁ ነገር የሆነው በዚያ ክረምት ነው። ኢቅባል ቀደም ሲል በኖቬምበር 1931 ሮም ሄዶ ሙሶሊኒን አግኝቶት ነበር። በጉልበቱና በሥራው ተማርኮ የሚያወድስ ግጥም ጽፎለታል፤ ግጥሙም በ1935 መግቢያ በወጣው መድበሉ ታትሟል። ይህን ሳነብ ደሜ ፈላ፤ መጽሐፉንም ዘግቼ ለሁለት ሳምንት አልከፈትኩትም። የአድዋንና የማይጨውን ታሪክ እየሰማን ላደግን ለእኛ ይህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

ስከፍተው ግን ቀጣዩን አገኘሁ። በኦገስት 1935፣ የኢጣሊያ ጦር ገና ድንበራችንን ሳይሻገር፣ ኢቅባል በቦፓል ሕክምና ላይ ሳለ ስለ ኢትዮጵያ ግጥም ጻፈ። ርእሱ የአገራችን ስም ነው፤ ቀኑም ኦገስት 18 ተብሎ ተመዝግቧል። የአውሮፓን ኃያላን ሥጋ ላይ እንደሚያንዣብቡ አሞሮች አድርጎ ሣላቸው፤ ሥጋው ግን መርዝ እንደሚሆንባቸው አስጠነቀቀ። ከጥቂት ቀን በኋላ ስለ ሙሶሊኒ ሁለተኛ ግጥም ጻፈ። በዚህኛው ሙሶሊኒ ራሱ ቀርቦ ለአውሮፓ መንግሥታት የእኔ ኃጢአት ከእናንተ በምን ይለያል ይላቸዋል። ውዳሴ የለበትም፤ ሌባና ሌባ ሲካሰሱ መስማት ነው። ሁለቱም በ1936 በታተመው፣ በዘመኑ ላይ የጦርነት አዋጅ ብሎ በሰየመው መጽሐፉ ውስጥ ይገኛሉ። ሐሳቡን የለወጠ ሰው ብዙ አለ፤ በአደባባይ በጻፈበት እጁ በአደባባይ ያረመ ግን ጥቂት ነው። ከዚያ በፊትም በመጀመሪያው የኡርዱ መድበሉ ስለ ሐበሻው ቢላል ሁለት ግጥም ጽፎ ነበርና የአገራችን ሰው በልቡ እንግዳ አልነበረም።

ኢቅባል በኤፕሪል 21 ቀን 1938 ንጋት ላይ ላሆር ውስጥ አረፈ። መቃብሩ በታላቁ ባድሻሂ መስጊድና በላሆር ግንብ መካከል ነው። በ1930 በአላሃባድ ባደረገው ንግግር በሰሜን ምዕራብ ሕንድ የሙስሊሞች ግዛት እንዲቋቋም ሐሳብ አቅርቦ ነበርና፣ ከሞተ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የተመሠረተችው ፓኪስታን ብሔራዊ ባለቅኔዬ ትለዋለች። በወጣትነቱ ስለ ሕንድ ፍቅር የጻፈውን መዝሙር ደግሞ ሕንዶች እስከ ዛሬ ይዘምሩታል። ሁለት የተጣሉ አገሮች አንድ ሰው ሲዘምሩ ማየት ደግ ነገር ነው።

ውድ አባላት፣ እንግዲህ ወደ ቤታችን ልመለስ። ማኅበራችን በየዓመቱ ለትውልድ ከተማችን ተማሪዎች ገንዘብ ስናዋጣ አንዳንዴ በኪሳችን ብቻ የምንረዳ ይመስለናል። ላሆር ላይ ግን አንድ ግጥም ብዙ ኪስ ከፍቷል። ከመካከላችን ያለው አታ ሙሐመድም ብዙ ነው፤ ስሙ ሳይጠራ በየወሩ የሚልክ። ለእነዚህ ሰዎች በዚህ ገጽ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ለወንድሜም ጭምር፤ እስካሁን በአፌ አልነገርኩትም።

ደብተሬን ባለፈው ክረምት ከፍቼዋለሁ። ከሌሊት ፈረቃ ስመለስ፣ ልጆቹ ሳይነሱ፣ ሻይ እስኪፈላ ድረስ የምጽፈው ነው። ስለ እናቴ የጻፍኩትን አንዱን በሚቀጥለው ዓመታዊ ስብሰባችን ላይ ላነብ አስቤያለሁ። ቅጂውንም አሳትሜ አመጣለሁ፤ የሚሸጥበት ገንዘብ ለተማሪዎቹ መርጃ ይገባል። ግጥም የምትጽፉ ሁሉ የእናንተንም ይዛችሁ ኑ። ጥሩ ነው አይደለም የሚለውን ራሳችን አንፍረድ፤ ለጉባኤው እንተወው።

ቸር ይግጠመን።